«የጠፋ» ሣጥን መቼ ጠፋ ይባላል? ስለ ሞጁላር ሲንተሳይዘር የኃይል ማብሪያ ማጥፊያ አገጣጠም

መግቢያ

አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ የሠራው የሞጁላር ሲንተሳይዘር ሣጥን፣ ባለቤቱ ተመርቆ ከሄደ በኋላ፣ አንድ ሞጁል እንድጨምርበት ወደ እኔ መጣ። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነበር። በፊት ገጹ ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ አጠፋሁ፤ አመልካች መብራቷም ጠፋች። የኋላ ክዳኑን ከፍቼ እጄን ከማስገባቴ በፊት ግን፣ ከቆየ ልማድ የተነሣ፣ ፌዝ መመርመሪያ ካቻቢቴዬን የኃይል ምንጩ መግቢያ ብሎን ላይ አስነካሁ። ካቻቢቴው በራ። ስፒናውን ከግድግዳው ነቅዬ፣ አገላብጬ ሰካሁትና እዚያው ብሎን ላይ ደግሜ ሞከርሁ። በዚህ ጊዜ አልበራም። በሁለቱም ጊዜ ማብሪያ ማጥፊያው ያረፈው «ዜሮ» በሚለው ምልክት ላይ ነበር።

በዕለቱ አደጋ አልደረሰም። የሣጥኑ ሠሪም ሰነፍ አልነበረም፤ ድምፅ አመንጪ ሞጁሎቹን በጥንቃቄ እንዳስተካከለ ከጥናቱ ማየት ይቻላል። በጥናቱ ውስጥ ስለ ኃይል አቅርቦቱ የተጻፈው ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፤ ሣጥኑ በ220 ቮልት እንደሚሠራ የሚናገር። ማብሪያ ማጥፊያው የትኛውን ሽቦ እንደሚቆርጥ የሚያሳይ ሥዕል አልነበረም።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚከራከረው ለአንድ ሐሳብ ነው። ተመራማሪ በመሣሪያው ላይ «ጠፍቷል» የሚል ምልክት ሲያደርግ ለሚቀጥለው ሰው የሚያስተላልፈው አንድ የጥናት መግለጫ ነው፤ መግለጫውም እንደ ማንኛውም ውጤት በማስረጃ መደገፍ አለበት። ከዚህ በመነሣት፣ በዩኒቨርሲቲ የሥራ ክፍሎች የሚሠሩ ሣጥኖች ማብሪያ ማጥፊያቸው በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል እንዲሆን፣ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ወደ ሣጥኑ የግድ መግባት ካለበትም በማያሻማ ሥርዓት እንዲገባ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1. ስለ መሣሪያው በአጭሩ

ሞጁላር ሲንተሳይዘር ድምፅን በኤሌክትሪክ ሞገድ የሚፈጥር የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ከሌሎች የሚለየው ክፍሎቹ ለየብቻቸው የቆሙና በአጫጭር ገመዶች እንደ ተጠቃሚው ፈቃድ የሚገናኙ በመሆናቸው ነው። አንዱ ሞጁል ድምፅ ያመነጫል፤ ሌላው ያጣራል፤ ሌላው የድምፁን መጠን ይቆጣጠራል። ሮበርት ሙግ ከሙዚቃ ደራሲው ከኸርበርት ዶይች ጋር በመተባበር የመጀመሪያ ናሙናቸውን የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ዶናልድ ቡክላም በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ የራሳቸውን ዓይነት ሠርተዋል። ዛሬ እጅግ የተስፋፋው ዩሮራክ የሚባለው መጠን ሲሆን፣ መነሻው ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር በ1990ዎቹ አጋማሽ ያወጡት ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የሞጁሉ ፊት ቁመት 128.5 ሚሊሜትር ነው። ሞጁሎቹ የሚፈልጉት ኃይል አወንታዊ 12 ቮልት፣ አሉታዊ 12 ቮልት፣ አንዳንዶቹም በተጨማሪ 5 ቮልት ነው።

መሣሪያው ለአገራችን የሙዚቃ ጥናት ባዕድ አይደለም። ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በኒውዮርኩ የኮሎምቢያና የፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል የሠሩ ሲሆን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም መሥርተዋል። ዛሬም ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የሚያጠና ተመራማሪ ለዚህ መሣሪያ ምክንያት አለው። የድምፁ ከፍታ የሚወሰነው በቮልቴጅ ነው፤ በተለመደው ደንብ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወጣል። ስለዚህ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቁ የክራርና የማሲንቆ ድምፆችን በቮልት ለክቶ መልሶ ማሰማት ይቻላል። ሣጥኑ ውድ በመሆኑና የሚፈለገው መጠን በገበያ ስለማይገኝ ተማሪው ብዙ ጊዜ ራሱ ይሠራዋል። አደጋው የሚገባውም በዚሁ በር ነው።

2. ስፒናው ሲገለበጥ

በአገራችን በስፋት የምንጠቀምበት ስፒና ባለሁለት ክብ ጥርስ ነው። በጎኑ የመሬት ማያያዣ ያለው ወፍራሙም ሆነ ቀጭኑ በሁለቱም አቅጣጫ ይሰካል። በዚህም ምክንያት ፌዙ የትኛው ሽቦ ላይ እንደሚውል የሚወስነው በዕለቱ ስፒናውን የሰካው እጅ ነው። አንዱን ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ሲገጠም፣ በአንዱ አሰካክ ፌዙን ይቆርጣል፤ በሌላው ኒውትራሉን ይቆርጣል። ኒውትራሉ ሲቆረጥ መሣሪያው መሥራቱን ያቆማል፤ መብራቱም ይጠፋል። ፌዙ ግን በኃይል ምንጩ በኩል አልፎ እስከ ማብሪያ ማጥፊያው ጫፍ ድረስ እንዳለ ይቆያል። ከላይ የተጠቀሰው ሣጥን ያሳየው ይህንኑ ነው።

ብዙ ተማሪዎች የሚከተሉት መመሪያ የተጻፈው ስፒናቸው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ለሚገባባቸው አገሮች መሆኑ ችግሩን ያባብሰዋል። የእንግሊዙ ባለሦስት ጥርስ ስፒና አይገለበጥም፤ በውስጡም ፊውዝ አለው። የአሜሪካው ስፒናም አንደኛው ጥርሱ ሰፋ ያለ ስለሆነ እንዳይገለበጥ ተደርጎ ይሠራል። በእነዚያ አገሮች ፌዙን ብቻ መቁረጥ ትርጉም አለው፤ ፌዙ የቱ እንደሆነ ይታወቃልና። ሥዕሉን እንዳለ ወደ እኛ ሶኬት ማምጣት ግን፣ መላ ምቱ የማይሠራበት ቦታ ቀመሩን እንደ መጠቀም ነው። ጀርመን በዚህ ረገድ ከእኛ ጋር አንድ ናት፤ ስፒናዋ ይገለበጣል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚቆረጥ ከሆነ ሁለቱም ሽቦዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ እጄታ ይቆረጡ። ባለሁለት መቁረጫ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ያደርጋል። በኮምፒውተር ጀርባ የምናውቀው ባለሦስት ጥርስ መግቢያ፣ ፊውዝና ባለሁለት መቁረጫ ማብሪያ ማጥፊያ በአንድነት ተሠርተው የሚገኙበት ዕቃ አለ። እርሱን ከሣጥኑ ጀርባ መግጠም ብዙ ስሕተትን ከመነሻው ያስቀራል። ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ፦ መግቢያ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ፊውዝ፣ ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከዚያ የኃይል ምንጭ። በመግቢያውና በፊውዙ መካከል የሚቀረው ሽቦ ባጠረ ቁጥር ያለ ጥበቃ የሚቀረው ክፍል ይቀንሳል።

ሁለቱንም ሽቦዎች የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያም ቢሆን ሁሉን አያጠፋም። በዛሬዎቹ የኃይል ምንጮች ውስጥ ከግድግዳው የመጣው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንት ወደ ቀጥተኛ ተለውጦ በካፓሲተር ይጠራቀማል። የሚጠራቀመው ቮልቴጅ የ220 እና የ1.414 ብዜት፣ ማለትም 310 ቮልት ገደማ ነው። ማስለቀቂያ ሬዚስተሩ ከተበላሸ ይህ ቮልቴጅ ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ይቆያል። አመልካች መብራቷ የምትመሰክረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ 12 ቮልቱ ብቻ ነው፤ ስለ 310ው የምታውቀው ነገር የለም።

3. የማይቆረጠው ሽቦ

ቢጫና አረንጓዴ የሆነው የመሬት ሽቦ በምንም ምክንያት በማብሪያ ማጥፊያ ወይም በፊውዝ ውስጥ ማለፍ የለበትም። ተግባሩ የሣጥኑን ብረት ከመሬት ጋር ማያያዝ ነው። አንድ የፌዝ ሽቦ ተላቆ ብረቱን ቢነካ፣ በዚህ ሽቦ የሚፈሰው ከፍተኛ ኮረንት ፊውዙን ይቆርጣል። ሽቦው ከሌለ ግን ብረቱ 220 ቮልት ይዞ በዝምታ ይቆያል፤ ሰው እስኪነካው ድረስ። የሰው አካል ሬዚስታንስ እንደ ቆዳው እርጥበትና እንደ አነካኩ ይለያያል። ለስሌት 1000 ኦም ብንወስድ በአካሉ የሚያልፈው ኮረንት 220 ሚሊአምፔር ይሆናል። ሰውን ለመጠበቅ የሚገጠሙት የፍሳሽ ኮረንት ማቋረጫዎች የሚቆርጡት በ30 ሚሊአምፔር መሆኑን ስናስታውስ የቁጥሩ ክብደት ግልጽ ይሆናል። ፊውዝ በዚህ ቦታ አይረዳም፤ 1 አምፔር የሚችል ፊውዝ 220 ሚሊአምፔር ሲያልፍበት ምንም አይሰማውም። ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ከቃጠሎ ነው።

የመሬት ሽቦው ከሣጥኑ ብረት ጋር የሚያያዝበት ብሎን ለእርሱ ብቻ የተለየ ይሁን። ሽቦው በቀለበት ማያያዣና በጥርሳም ዋሸር ይጠበቅ፤ በሥሩ ያለው ቀለምም ይፋቅ። ርዝመቱም ከሁለቱ ሽቦዎች ትንሽ ይብለጥ፤ ገመዱ በኃይል ቢጎተት መጨረሻ የሚላቀቀው እርሱ እንዲሆን። የፊት ገጹ ብረት ከጀርባው ብረት ጋር በእንጨት የተለያየ ከሆነም ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የለመድነውን አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። የኮምፒውተር ብረት ሲነኩት የሚነዝርባቸው ክፍሎች አሉ። «ትንሽ ነው፣ አይገድልም» ተብሎ ይታለፋል። ንዝረቱ የሚመጣው በኃይል ምንጩ መግቢያ ላይ ከሁለቱ ሽቦዎች ወደ ብረቱ ከተዘረጉ ትንንሽ ካፓሲተሮች ነው። የመሬት ሽቦው ካለ ይህን ኮረንት ይወስደዋል፤ ከሌለ ብረቱ የግድግዳውን ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ያህል ይይዛል። ኮረንቱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ ይነዝራል እንጂ አይጎዳም። መልእክቱ ግን ከባድ ነው፤ የሶኬቱ የመሬት ማያያዣ ከመሬት ጋር እንዳልተገናኘ ይናገራልና። ይህን ለማስወገድ ኒውትራሉን ሶኬቱ ውስጥ ከመሬት ማያያዣው ጋር አገናኝቶ «ግራውንድ ሠራሁ» ማለት ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ኒውትራሉ ከቆጣሪው ወዲህ ቢቋረጥ የሣጥኑ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል።

4. ማብሪያ ማጥፊያው የሚሸከመው

አንድ መካከለኛ ሣጥን 50 ዋት ቢወስድ ከ220 ቮልት የሚስበው ኮረንት ከሩብ አምፔር ያነሰ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ማንኛውም ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ይበቃል የሚል ተማሪ ሁለት ነገር ይዘነጋል።

አንደኛው የመነሻው ቅጽበት ነው። ባዶው ካፓሲተር ሲሞላ ለጥቂት ሚሊሰከንድ የሚፈሰው ኮረንት በአሥር አምፔሮች ሊቆጠር ይችላል። ክብ ትራንስፎርመርም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ይህ ቅጽበት ደካማ መገናኛዎችን ቀስ በቀስ ያበይዳቸዋል። የተበየደ መገናኛ ደግሞ እጄታው «ጠፍቷል» ወደሚለው ሲሄድም ላይላቀቅ ይችላል። ለዚህ ተግባር የተሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች የመነሻ ኮረንታቸው በጎናቸው ላይ ለብቻው ተጽፎ ይገኛል፤ መምረጥ የሚገባው እነርሱን ነው። ፊውዙም ዘግይቶ የሚቆርጠው ዓይነት ይሁን፤ ፈጣኑ በየመነሻው እየተቆረጠ፣ ተማሪውን ከሚገባው በላይ ትልቅ ፊውዝ ወደ መግጠም ይገፋዋል።

ሁለተኛው የቮልቴጅ ገደቡ ነው። በኤሌክትሮኒክስ መደብር በብዛት የሚገኘው ባለብረት እጄታ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ብዙ ጊዜ 6 አምፔር በ125 ቮልት፣ 3 አምፔር በ250 ቮልት የሚል ጽሑፍ አለው። በተለዋዋጭ ኮረንት የተጻፈ ቁጥር ለቀጥተኛ ኮረንት አያገለግልም። በ50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ኮረንት በሰከንድ 100 ጊዜ በዜሮ ላይ ስለሚያልፍ መገናኛው ሲላቀቅ የሚፈጠረው ብልጭታ በራሱ ይጠፋል። ቀጥተኛ ኮረንት ይህ ዕረፍት የለውም። ስለዚህ በ12 ወይም በ15 ቮልት በኩል የሚገጠም ማብሪያ ማጥፊያ ለቀጥተኛ ኮረንት የተጻፈ ገደብ ሊኖረው ይገባል።

5. በዝቅተኛው ቮልቴጅ በኩል

በእኔ አመለካከት ለተማሪ የሚመከረው አሠራር የሚከተለው ነው። የግድግዳው ኤሌክትሪክ ከሣጥኑ ውጭ፣ በፋብሪካ ተዘግቶ በተሠራና ደረጃውን በጠበቀ አዳፕተር ውስጥ ይቅር። ወደ ሣጥኑ የሚገባው 15 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንት ብቻ ይሁን። በሣጥኑ ውስጥ ፊውዝ፣ ከዚያ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ከዚያም አወንታዊና አሉታዊ 12 ቮልቱን የሚያወጣው መለወጫ ሰሌዳ ይከተላሉ። 15 ቮልት 3 አምፔር የሚሰጥ አዳፕተር 45 ዋት ያስገኛል፤ ይህም ለብዙ የጥናት ሣጥኖች በቂ ነው። ከመለወጫው በፊት የሚቆረጠው አንድ ሽቦ ስለሆነ ሦስቱም ቮልቴጆች አብረው ይነሣሉ፤ አብረውም ይወድቃሉ። ሠሪው ቢሳሳት የሚከፍለው ዋጋ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የተቃጠለ ሞጁል ነው።

ማብሪያ ማጥፊያው ከመለወጫው በኋላ ከተደረገ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አወንታዊውና አሉታዊው 12 ቮልት፣ 5 ቮልቱም ካለ እርሱ ጭምር፣ በአንድ እጄታ አብረው ይቆረጡ። የጋራው ዜሮ ቮልት መስመር ግን ፈጽሞ አይቆረጥ። ምክንያቱን በቁጥር እንይ። ሣጥኑ ከአወንታዊው 1 አምፔር፣ ከአሉታዊው ግማሽ አምፔር ይስባል እንበል። ጭነቶቹን እንደ ሬዚስተር ብንቆጥራቸው 12 ኦምና 24 ኦም ይሆናሉ። ዜሮ ቮልቱ ሲቆረጥ ሁለቱ በ24 ቮልት መካከል በተርታ ይቀራሉ፤ አንደኛው 8 ቮልት፣ ሌላኛው 16 ቮልት ይደርሰዋል። በአሉታዊው መስመር ላይ ያለው ሁሉ ከተገባው በላይ 4 ቮልት ተጭኖበታል ማለት ነው። የጭነቱ ሚዛን ተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ 5 ቮልት የሚጠብቁት ዲጂታል ክፍሎች በግምት 9 ቮልት ይደርሳቸዋል። «ለማጥፋት» የተገጠመው ማብሪያ ማጥፊያ መሣሪያውን የሚያቃጥልበት መንገድ ይህ ነው።

ዜሮ ቮልቱን አለመቁረጥ ለጥናቱ ትክክለኛነትም ያስፈልጋል። አንድ ኦክታቭ 1 ቮልት ከሆነ ግማሽ ድምፅ 83 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ዜሮ ቮልቱ 20 ሚሊኦም ሬዚስታንስ ባለው መገናኛ ውስጥ ቢያልፍና 1 አምፔር ቢፈስበት 20 ሚሊቮልት ይወርዳል። ቮልቴጅ ላኪውና ተቀባዩ ሞጁል በዚህ መገናኛ ሁለት ወገን ከቆሙ፣ ስሕተቱ በከፋው ሁኔታ የግማሽ ድምፅ ሩብ ያህል ይሆናል። ቀጭን ሽቦም ይህንኑ ያደርጋል። 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ በሜትር 34 ሚሊኦም ሲኖረው፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትሩ ግን 7 ሚሊኦም ብቻ ነው። የአንቺሆዬን ወይም የአምባሰልን ረቂቅ ልዩነት በቮልት እለካለሁ የሚል ተመራማሪ፣ መለኪያው በራሱ ሽቦ የተዛባ እንዳይሆን ከዚህ መጀመር አለበት።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሙያው ሰዎች የሚመጣ ነው፤ በትራንስፎርመር የሚሠራው ባህላዊው የኃይል ምንጭ ጩኸቱ አነስተኛ ስለሆነ ለድምፅ ጥናት ይመረጣል የሚል። እውነትነት አለው። ሆኖም ትራንስፎርመሩን ብቻውን በተዘጋ ሣጥን ውጭ አስቀምጦ ዝቅተኛውን ተለዋዋጭ ቮልቴጅ ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። በጥሩ ሁኔታ የተጣራ መለወጫም ለአብዛኛው የጥናት ጥያቄ ይበቃል። ጩኸቱ በእርግጥ እንቅፋት የሆነበት ተመራማሪ ካለ ልኬቱን ያቅርብ፤ ባለ220 ቮልቱ ሣጥን በዚያ ምክንያት ሊፈቀድለት ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመምህራን ይመጣል፤ ተማሪን ከ220 ቮልት ማራቅ መፍራትን እንጂ ሙያን አያስተምረውም የሚል። ይህን ተቃውሞ አከብራለሁ፤ እኔም የተማርሁት በመሥራት ነው። ይሁን እንጂ ሣጥኑ ከተማሪው ዕድሜ የሚረዝም የተቋም ንብረት ነው። የሚከፍተው ሰው ሁልጊዜ ሠሪው አይሆንም። ተማሪው 220 ቮልትን በመምህር ፊት፣ በመለማመጃ ሰሌዳ ላይ ይማር። ለማያውቀው ሰው ትቶት በሚሄደው ሣጥን ላይ ግን አይለማመድ።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ስፒናውን ነቅሎ መሥራት ነው እንጂ ማብሪያ ማጥፊያ ማን ያምናል?» የሚለው ነው። ትክክል ነው፤ አስተማማኙ መለያ ስፒናውን መንቀል ነው፤ ይህም በሣጥኑ ጀርባ ላይ ይጻፍ። ነገር ግን በደከመ ሌሊት፣ ስድስት ገመድ በተሰካበት ዲቫይደር ፊት፣ የትኛው ስፒና የየትኛው ሣጥን እንደሆነ በማይታወቅበት ሰዓት ሰው የሚያምነው በፊቱ ያለውን ምልክት ነው። ምልክቱን ያደረግነው እኛ ከሆንን እውነተኛ የማድረግ ግዴታው የእኛ ነው።

7. ምን ይደረግ?

ለትምህርት ክፍሎችና ለአማካሪ መምህራን ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

ሀ) በመመረቂያ ጥናቱ አባሪ ውስጥ አንድ ገጽ የኃይል መስመር ሥዕል ይካተት። መግቢያው፣ ፊውዙና መጠኑ፣ ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጣቸው ሽቦዎች፣ የመሬት ብሎኑ ቦታ ይታዩበት። ቅጂውም በሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ። የሽቦ ቀለም የሠሪው ቃል እንጂ ማስረጃ ስላልሆነ ሥዕሉ ከልኬት ጋር ይቅረብ።

ለ) ሣጥኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመብራቱ በፊት ሠሪው ያልሆነ ሁለተኛ ሰው በመልቲሜትር ይፈትሸው። ስፒናው እንደተነቀለ፣ ከመግቢያው የመሬት ጥርስ እስከ እያንዳንዱ የሚነካ ብረት ያለው ሬዚስታንስ ለዜሮ የቀረበ ይሁን። ከሁለቱ የኃይል ጥርሶች እስከ ብረቱ ግንኙነት አይኑር። ማብሪያ ማጥፊያው ሲጠፋ በሁለቱም መስመሮች በኩል መቆራረጡ ለየብቻ ይረጋገጥ። ባለ220 ቮልት ሣጥን ከሆነ በ500 ቮልት የሽፋን መለኪያም ይፈተሽ።

ሐ) የመጀመሪያው ማብራት ያለ ሞጁል ይሁን፤ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ማቋረጫ ባለው መስመርም ይከናወን። አወንታዊው 12፣ አሉታዊው 12ና 5 ቮልቱ ተለክተው ከተመዘገቡ በኋላ ሞጁሎቹ አንድ በአንድ ይግቡ። በእያንዳንዱ ጊዜ ሣጥኑ ጠፍቶ፣ የጠፍጣፋው ገመድ ቀይ መስመር ወደ አሉታዊው 12 ቮልት መዞሩ ይታይ።

ይህ ሁሉ አንድ ከሰዓት በኋላ የማይሞላ ሥራ ነው። የሚጠይቀው ዕቃም በማንኛውም የኤሌክትሪክ የሥራ ክፍል የሚገኝ ነው።

ማጠቃለያ

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። በመግቢያዬ የጠቀስሁት ሣጥን ዛሬ አዳፕተሩ ውጭ ሆኖ በ15 ቮልት ይሠራል፤ የፊቱ ማብሪያ ማጥፊያም ያው የቀድሞው ቦታ ላይ ነው። የለወጥሁት አምስት ሽቦና አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው። ክዳኑ ውስጥ ሥዕሉን ስለጥፍ የሠሪውን ስም ከእኔ ስም በላይ ጻፍሁት፤ ድምፁን የሠራው እርሱ ነውና።

ሠሪው በጥናቱ ስለ ድምፅ የጻፈው ሁሉ በፈታኞቹ ፊት ቀርቦ ተመርምሯል። በሣጥኑ ፊት ላይ ያደረገውን «ዜሮ» የሚል ምልክት ግን ማንም አልጠየቀውም። ከመግለጫዎቹ ሁሉ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ሰው ሊገድል የሚችለው እርሱ ብቻ ነበር። ቀጣዩ ፈታኝ ስለ ኦሲሌተሩ ከመጠየቁ በፊት ይህን ቢጠይቅ መልካም ነው፦ «ሣጥኑ ሲጠፋ፣ በውስጡ ሳይጠፋ የሚቀረው ምንድን ነው?»